በይልማ ስም ያጨስኩት ሲጋራ

ስለ ሕመሜ በሰፈራችን ሦስት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው፣ ቲቢ ይዟት ዳነች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሰው ዓይን ነው የሚል ነው። ሦስተኛውን የሚያወሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርሃኔ ናቸው፤ በእሳቸው ወሬ ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው። ሦስቱም ሐሰት ነው። የያዘኝ የሳምባ ካንሰር ነበር። ያመጣሁትም በገዛ እጄ ነው፤ ሆኖም እጄ ረዳቶች ነበሩት፣ እነሱንም በየተራ አነሣቸዋለሁ። ዛሬ ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። የምፈራቸው ሰዎች ሞተዋል፤ የማፍራቸው ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ትተዋል። ስለዚህ ልጻፈው።

በደርግ ጊዜ በቦሌ መንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ ይካሄዳል፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ወንዶቹ ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም ያጨሳሉ፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ሰብሳቢው «የውይይታችን ነገር ወደ ውጭ መውጣት የለበትም» ይሉ ነበር። ቃላቸውን ጠበቁ፣ ምንም ነገር አልወጣም። ጭሱም አልወጣም።

አንድ ማክሰኞ ጭሱ አንቆኝ ስስል ሰብሳቢው አይተው ፓኮአቸውን ዘረጉልኝ።

«ጓድ አስካለ፣ ውሰጂ እንጂ! የሴቶች እኩልነት በወረቀት ብቻ ሆኖ ይቅር እንዴ?»

ስድስቱ ሳቁ። እልህ ያዘኝና ወሰድኩ። ከእኩልነቱ ለእኔ የደረሰኝ ያ ብቻ ነው።

በእልህ የጀመርኩት ነገር በዓመቱ ሱስ ሆነ። ያኔ ባለትዳር ሴት አጨሰች ከሚባል ሰረቀች ቢባል ይሻል ነበር። ስለዚህ መደበቅን እንደ ሙያ ተማርኩ። ጣቴ እንዳይበልዝ ሲጋራውን የምይዘው በጸጉር ማስያዣ ሽቦ ነው። ከጨረስኩ በኋላ ቅርንፉድ አኝካለሁ፣ እጄን በዳማከሴ አሻለሁ። እትዬ ብርሃኔ ዳማከሴው ሲሸታቸው «ይችን ልጅ ምች የማይለቃት ምን ሆና ነው?» ይሉ ነበር። ቦታዬ ከሽንት ቤታችን ጀርባ ያለው የጉሎ ዛፍ ሥር ነው። የምገዛው ደግሞ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቤታችን መታጠፊያው ላይ ካለው ከከድር ሱቅ ነው።

«ከድር፣ ሁለት ፍሬ ስጠኝማ። ለባለቤቴ ነው።»

ባለቤቴ ይልማ ጠላ ሲቀምስ እንኳ የሚያማትብ የሒሳብ መምህር ነው። ሁለቱ ፍሬ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ፓኮ ሆነ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይልማ ሳያውቀው የሰፈሩ ቀንደኛ አጫሽ ሆነ።

ወሬው መጨረሻ ላይ የንስሐ አባታችን መምሬ ወልዴ ጆሮ ደረሰ። ማን እንዳደረሰው አውቃለሁ፤ እትዬ ብርሃኔ ናቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ቤታችን መጡ። እኔ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ተሸክሜ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ።

«ልጄ ይልማ፣ ስለ አንተ የሰማሁት አንገቴን አስደፋኝ» አሉ።

«ምን ሰሙ አባቴ?»

«ሲጋራ። ሰው ሥጋ ወደሙ የሚቀበልበትን አፍ የምድጃ ጭስ ማውጫ ያደርገዋል?»

አሁን ይክዳል ብዬ ጠበቅኩ። ይልማ ግን «አጥፍቻለሁ አባቴ» አለ።

«እንግዲያው እስክትተወው ድረስ ጧት ጧት አርባ ስገድ።»

የዋህ ነው፣ ቄስ ፊት መልስ መስጠት ነውር መስሎት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ እየተነሣ ይሰግዳል። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ጉልበቱ ወለሉን ሲነካ እቆጥራለሁ። አጨስኩ ብዬ ራሴን ወቀስኩና ለሦስት ቀን ያህል ተውኩ። በአራተኛው ቀን ከድር ሱቅ ነበርኩ።

ሳሉ የጀመረኝ በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ደረቅ ነው፣ ይመላለሳል። የሰፈራችን ድሬሰር የሳል ሽሮፕ ሰጠኝ፤ ሁለት ጠርሙስ ጨረስኩ። ከዚያ የአምስት ቀን መርፌ ወጋኝ። «ብርድ ነው እትዬ፣ ጭንቅላትዎን ይሸፍኑ» አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ ግን ጭንቅላቴን መሸፈኔ ሳምባዬን ምን እንደጠቀመው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ክብደቴ ሲቀንስ ይልማ ሾላ ገበያ አጠገብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ራጅ ተነሣሁ። በቀኝ ሳምባዬ አናት ላይ ጥላ ታየ። አክታዬን ሦስት ጊዜ መረመሩት፣ የቲቢ ተውሳክ አላገኙበትም፤ ግን በዚያን ጊዜ ሳምባ ላይ ጥላ ከታየ ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ይጀመራል። ካርድ የሚሞላው ልጅ ወደ ይልማ ዞሮ «ጋሼ፣ ያጨሳሉ?» አለው። ይልማም «አዎ» አለ። «ለባለቤትዎ ሲሉ ይተዉት» ብሎ መከረው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ካርዴ ላይ አታጨስም ተብሎ ተጻፈ። ልብ በሉ፣ እኔ አልዋሸሁም፤ ውሸቴን ሰዎች በአክብሮት ጻፉልኝ። ዝም ብዬ ማየቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው።

ለሁለት ወር በየቀኑ መርፌ ተወጋሁ። ወረፋ የሚያዘው እንደ ቀበሌ ሱቅ በድንጋይ ነበር፤ ድንጋይህን ታስቀምጥና አጥሩ ሥር ፀሐይ ትሞቃለህ። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት የሾላ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከቀሚሷ ላይ በርበሬው ሲበን ወረፋው ሁሉ ያስላል። «እኔ ባልኖር ኖሮ ሐኪሞቹ ሥራ ያጡ ነበር» እያለች ታስቀን ነበር። የእኔን ድንጋይ ከእሷ ድንጋይ ፊት እያስቀመጠች ስንት ጧት አስቀደመችኝ! ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ይቆጨኛል።

እትዬ ብርሃኔ ላስታምም ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ቤታችን ገቡ። የመጀመሪያ ሥራቸው በብርጭቆዬ እጀታ ላይ ቀይ ክር ማሰር ነበር፤ ሌላ ሰው በስሕተት እንዳይጠጣበት። ሁለተኛው «ንፋስ ይመታታል» ብለው መስኮቶቹን በጨርቅ መጠቅጠቅ ነበር። በሕይወቴ የገጠሙኝ ሰዎች ሁሉ የመስኮት ጠላቶች ናቸው። እኔም እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በእሳቸው ብርጭቆ እጠጣ ነበር። በሽታው ቲቢ ቢሆን ኖሮ ይህን ለማንም አልናገርም ነበር፤ ስላልሆነ ደስ እያለኝ እናገራለሁ።

መርፌው አለቀ፣ ሳሉ አላለቀም። በአክታዬ ላይ ቀጭን የደም ክር መታየት ጀመረ። ሥራ ቦታም አንድ ያልገባኝ ነገር መጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላይ የምመታው የጽሕፈት መኪና አልታዘዝ አለኝ፤ አንዱን ቁልፍ ስመታ ጎረቤቱ አብሮ ይነሣል። በአንድ ቀን አንዱን ደብዳቤ አራት ጊዜ መለሱብኝ። ሰብሳቢው «ጓድ አስካለ፣ ሐሳብሽ የት ነው?» አሉ። ሐሳቤ እዚያው ነበር። ያበጠው የጣቴ ጫፍ ነው። ጥፍሮቼም እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎብጠዋል። ይልማ ማታ እጄን ይዞ አገላብጦ አየውና በማግስቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቆ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደኝ። እትዬ ብርሃኔም ሳይጠሩ ተከተሉን።

ሲነጋ ገብተን ተራችን የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። ሐኪሙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ራጁን ከማየታቸው በፊት እጄን ያዙ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጣትዎ ድሮም እንዲህ ነበር?»

«የጽሕፈት መኪና ነው ያበላሸው።»

«የጽሕፈት መኪና ጥፍር አያጎብጥም።» ከዚያ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት። «ያጨሳሉ?»

በዚያ ሁሉ ወራት ጥያቄውን ለእኔ ያቀረቡ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። አፌ ሳይከፈት እትዬ ብርሃኔ ቀደሙኝ።

«እሷ? በስመ አብ! ምነው ዶክተር፣ የሰው ሚስት እንዲህ ይባላል? የሚያጨሰውስ ወንድሜ ነው፤ ሰፈር ያወቀው ነው!»

«አዎ ዶክተር» አለ ይልማ። «እኔ ነኝ።»

«በቀን ስንት?»

ይልማ ቁጥር ተጠይቆ እንደዚያን ቀን ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም። «ሁለት... ሦስት ፓኮ» አለ።

«ሦስት ፓኮ!»

«ሲበዛ ነው።»

ሐኪሙ ሸሚዙን አስከፍተው በማዳመጫቸው ፊትና ኋላውን አዳመጡት። «ጋሼ፣ ይህ የአጫሽ ሳምባ አይደለም» አሉ። «ይህ የዲያቆን ሳምባ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። የማያጨሱ ከሆነ ከጀመሩት የቲቢ መድኃኒት የቀረውን አራት ወር ይጨርሱና ይመለሱ እላለሁ። የሚያጨሱ ከሆነ ግን ይህ ጥላ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የምንጠብቀው አራት ወር የለንም።»

ይልማ እንደገና ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት። አሁንም በእኔ ፈንታ ሊዋሽልኝ ነው። ከጸጉሬ ላይ ሽቦዬን መዘዝኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጫፉ በእሳት ጠቁሯል።

«እኔ ነኝ ዶክተር። አሥራ ሁለት ዓመት። አሁን በቀን አንድ ፓኮ።»

እትዬ ብርሃኔ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በማውቃቸው ዘመን ሁሉ እንደዚያን ቀን ዝም ብለው አያውቁም። ያን ዝምታ በሳምባዬ ገዛሁት፤ ረከሰልኝ እንጂ አልተወደደብኝም።

ሐኪሙ አልተቆጡኝም። ከጤና ጣቢያው ይዤ የመጣሁትን ካርድ ወስደው «አታጨስም» የሚለውን ሰረዙና ከላዩ ጻፉ። ይህን የማስታውሰው ሲጽፉ «ጎሽ» ስላሉኝ ነው፤ ያን ያህል ቀላል ነበር።

ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከይልማ ጋር ብቻችንን ስንቀር ወለሉን እያየ «አውቅ ነበር» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድር አንድ ቀን "ጋሽ ይልማ፣ ሲጋራውን ቀነስ ያድርጉት እንጂ፤ እትዬ እስከ መቼ ይመላለሱልዎታል?" ሲለኝ ነው።»

«ምን አልከው?»

«እቀንሳለሁ አልኩት።»

መሳቅ አማረኝ፤ ግን ንዴቱ ቀደመ። «ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ ስትሰግድ ከረምክ? ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«እንዳታፍሪ ብዬ።»

«አሳፍረኸኝ ቢሆን ሳሉ ሳይጀምረኝ እተወው ነበር!»

ሰው ሁሉ ይልማን ጻድቅ ይለዋል፣ እኔም አልክድም፤ ይህችን አንዲት ቂም ግን ይዤበታለሁ፣ መያዜንም ያውቃል። የሚወዱን ሰዎች ሁሉ ነውራችንን የሚሸፍኑ ከሆነ ማን ይግለጥልን? ባላችሁ፣ እህታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ተደብቆ የሚያጨስ ከሆነ እባካችሁ አትስገዱለት። ተናገሩት።

በሳምንቱ ጫፉ ላይ መብራት ያለበት ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብተው ከጥላው ላይ ቁራጭ ወሰዱ። ደስ አይልም፣ ግን ያልፋል። ውጤቱ ሲመጣ እንደ ደንቡ የጠሩት እኔን አይደለም፤ በአገራችን ክፉ ወሬ የሚነገረው ለበሽተኛው ቤተ ሰብ ነው። ይልማ ገብቶ ወጣ። ፈገግታው ከፊቱ ሰፍቷል።

«ምን አሉ?»

«ምንም አይደል። ትንሽ ቁስል ነች።»

«ይልማ! አሁን ደግሞ በእኔ ፈንታ ልትታመምልኝ ነው?»

በሩን ገፍቼ ገባሁ። «ዶክተር፣ በሽታው የእኔ ነው፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ካንሰር ነው። የተሠራጨ አይመስለኝም» አሉ።

«አይመስልዎትም ወይስ ያውቃሉ?»

«አይመስለኝም። የምናውቀው ከፍተን ስናይ ነው።»

አልጋ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ፈራሁ፤ ማን አይፈራም? ግን መፍራቴን አልደበቅኩም፤ የመደበቅ ሙያዬን ከሽቦው ጋር ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ትቼው መጥቼ ነበር። ሲጋራም ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁም። እጄ ሥራ ሲያጣ ለይልማ ሹራብ ሠራሁለት፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል፣ አሁንም ይለብሰዋል።

ለቀዶ ሕክምናው ደም አምጡ ተባለ። ከይልማ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን መጡ። ሦስተኛው ሰው እውነቱን ሰምቶ ሳይጠራ የመጣው ከድር ነው። እጅጌውን እየሰበሰበ «ሲጋራውን የሸጥኩ እኔ፣ ደሙን የምሰጥ እኔ። እትዬ፣ ከእንግዲህ ሱቄ ቢመጡ ከከረሜላ በቀር ምንም አልሸጥልዎትም» አለኝ። በእሱም ላይ ቂም ነበረኝ። እዚያው ተውኩለት።

የቀኝ ሳምባ ሦስት ክፍል አለው፤ የእኔን የላይኛውን ቆርጠው አወጡት። ሌላ ቦታ አልሄደም ነበር። ስነቃ ደረቴ የተሰፋ ጆንያ መሰለኝ። የቀረው ሳምባ እንዲነፋ ብለው የሐኪም ጓንት ሰጡንና እንደ ፊኛ ንፉ አሉን። የሴቶቹ ክፍል ስድስት ነበርን፤ ውድድር ሆነ። አንዷ «አስካለ፣ ያንቺ ጓንት እኮ ጨብጧል፣ ሰላምታ አይሰጥም!» ትለኛለች። በአሥረኛው ቀን አምስቱም ጣት ቆመልኝና ለሁሉም እያዞርኩ እጅ ነሣሁበት። የስፌቱ ሕመም ሳቅ አይፈቅድም፤ ግን ሳቅን።

እትዬ ብርሃኔ በየቀኑ ሾርባ ያመላልሱልኝ ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ጥሩ ሾርባ ነው፤ ጨው ብቻ ያንሰዋል። ቤት ስመለስ ከብርጭቆዬ እጀታ ላይ ቀዩ ክር የለም። ማን እንደፈታው አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። መስኮቶቹን ግን እኔው ራሴ ከፈትኳቸው።

ሥራ እንደተመለስኩ በመጀመሪያው ማክሰኞ ቃለ ጉባኤዬን ይዤ ገባሁና ከመቀመጤ በፊት መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሰብሳቢው «ጓድ፣ ድምፅ ይወጣል» አሉ። «ይውጣ» አልኳቸው። «እኔ ሳምባዬን እዚህ ትቼ ወጥቻለሁ፤ የቀረውን አልሰጥም።» ከሰባቱ ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውጭ ወጥተው ማጨስ ጀመሩ። ሰብሳቢው ግን አልተዉም፣ በዚሁ በሽታ ሞቱ። ሐኪም ዘንድ የሄዱት ደም መትፋት ከጀመሩ ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ቀብራቸው ሄድኩ፣ አለቀስኩም። ደግ ሰው ነበሩ፤ መስኮት ግን አይከፍቱም ነበር።

ለዚህ ነው የምላችሁ፦ የምታጨሱ ተዉት፤ እኔ ትቼው ወደ ከድር ሱቅ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ፣ በመጨረሻ ግን ይቻላል። የማታጨሱ በሌላ ሰው ጭስ ውስጥ አትቀመጡ፤ እኩልነት ነው ቢሏችሁም። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ሽሮፕ አይደለም ራጅ ነው የሚፈልገው። ሐኪም ካልጠየቃችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ፣ እትዬ ማንም አጠገባችሁ ቢቆሙም።

መምሬ ወልዴ ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ታዲያ አባቴ፣ ይልማ አሥራ አራት ወር ሙሉ የሰገደው ለማን ይቆጠራል? ለእኔ አይታሰብልኝም?»

«ለትዕግሥቱ ይታሰብለታል» አሉ። «አንቺ ግን ልጄ፣ ከአንድ ትጀምሪያለሽ።»

ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ሐኪሜ ማጎንበስና መነሣት ለሳምባዎ መልካም ነው ሲሉኝ ስግደቱን ጀመርኩ። በመጀመሪያው ጧት ይልማ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቆጥርልኝ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ወለሉን ይዤ፣ አየር ስፈልግ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ይልማ ከጎኔ ወርዷል። ሊሰግድልኝ ነው።

«ተው!» አልኩት። «ተነሥ። ይሄ የእኔ ነው።»

ተነሥቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ክፍት በሆነው መስኮት የጧት ንፋስ ይገባል። ትንፋሼ ቀስ እያለ፣ ከታች ካለችው ከቀረችልኝ ሳምባ፣ መጣ። ይልማ ጠበቀኝ። አላጣደፈኝም።

«አሥራ ሦስት» አለ።

ሰገድኩ።